የሳምንቱ ኦሪትና የሰላ ድንጋይ ጠቢባን

ሰላ ድንጋይን የሚያውቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ብርዷን ያስታውሳል። ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፥ በጥንቱ የተጉለት አገር በደጋው ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ ስትሆን፥ ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደው ምእመን በርሷ በኩል ያልፋል። በቀድሞ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ ሚስዮናዊው ክራፕፍም በ1834 ዓ.ም. ከሸዋ ሲወጣ በዚህ አልፎ እመቤቲቱን እንዳነጋገራቸው በጉዞ ማስታወሻው ጽፏል።

ይህን የማነሣው የአገሬን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። ነገሬ ስለ ቅዳሜ ነው።

አያቴ ካህን ነበሩ። ቅዳሜ በሬ አይጠምዱም፥ እንጨት አይፈልጡም፤ ከቅዳሴ መልስ በደጃፍ በፀሐይ ተቀምጠው ኦሪቱን ያነብባሉ። ለምን ቅዳሜን እንደ እሑድ እንደሚያከብሩ በልጅነቴ ብጠይቃቸው «የደብረ ምጥማቅ ሰው አይደለሁምን?» ብለው ሳቁብኝ። ነገሩ የገባኝ ተማሪ ቤት ገብቼ ታሪክ ስማር ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚሁ በተጉለት ምድር በደብረ ምጥማቅ በ1442 ዓ.ም. ጉባኤ ሰብስበው፥ ቅዳሜን በማክበራቸው ለብዙ ዘመን ተወግዘው የኖሩትን የአባ ኤዎስጣቴዎስን ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ጋራ አስታረቁ። ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። እንግዲህ በአያቴ ደጃፍ የተነበበው የቅዳሜ ኦሪት ብዙ ሰው የተሰደደበትና የተከራከረበት ነገር ነው ማለት ነው። አያቴ ግን ከመጽሐፉ ደስ ያላቸውን ቦታ ገልጠው ያነብቡ ነበር። የዮሴፍን ታሪክ ይወዳሉ፤ ስለዚህ እኔም የዮሴፍን ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ። የዘሌዋውያንን ግን አንድ ቀን እንኳ ሲያነቡ አልሰማሁም።

ይህ ትዝ ያለኝ አንድ ወዳጄ ስለ አይሁድ ተማሪዎች ልማድ ባጫወተኝ ጊዜ ነው። ወዳጄ የተወለደው በጎንደር አገር ከቤተ እስራኤል ወገን ሲሆን፥ ገና ልጅ ሳለ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ከወላጆቹ ጋራ በአይሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዷል። ያ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች የተወሰዱበት፥ «የሰሎሞን ዘመቻ» የሚባለው ነው። ዛሬ እዚያ አስተማሪ ነው። ለዘመድ ጥየቃ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሳለ ቡና እየጠጣን «በዚህ ሳምንት የትኛው ክፍል ነው?» ብሎ ራሱን ጠየቀና ከኪሱ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። እኔም «ያሻህን ገልጠህ አታነብም?» አልሁት። «አይሆንም፤ እኛ አንመርጥም፤ ሳምንቱ ይመርጥልናል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በ54 ክፍል ተከፍለዋል። እያንዳንዱ ክፍል ፓራሻ ይባላል፤ ስሙንም የሚያገኘው ከመጀመሪያዎቹ ቃላቱ ነው። በየቅዳሜው በምኩራብ አንድ ክፍል ይነበባል፤ ሰባት ሰዎችም በተራ ወደ መጽሐፉ ይጠራሉ። የዓመቱ ሳምንታት ከክፍሎቹ ቊጥር ሲያንሱ ሁለቱን ባንድ ቅዳሜ አጣምረው ያነብባሉ። በዓመቱ መጨረሻ በኦሪት የደስታ በዓል የዘዳግም የመጨረሻው ቃል በተነበበበት ሰዓት፥ ሳይውል ሳያድር፥ የዘፍጥረት የመጀመሪያው ቃል ይጀመራል። በጥንት ዘመን በፍልስጥኤም ምድር የነበሩት አይሁድ በሦስት ዓመት ያህል ይጨርሱት ነበር ይባላል፤ የባቢሎኖቹ የአንድ ዓመት ሥርዓት ግን አሸንፎ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ስለዚህ በኒው ዮርክ ያለ ሱቅ ጠባቂ፥ በፓሪስ ያለ ሐኪም፥ በኢየሩሳሌም ያለ ተማሪ በአንድ ሳምንት በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። ከቅዳሜ ሌላ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከሚመጣው ክፍል ጥቂት ይነበባል። ይህን የሠራው ዕዝራ ነው ይላሉ፤ ምክንያቱም ሰኞና ሐሙስ የገጠሩ ሰው ለገበያ ወደ ከተማ የሚወጣባቸው ቀኖች ስለ ነበሩ ነው። እኔ ይህን ስሰማ የኛ ገበያተኛ ጌሾውንና ገብሱን አራግፎ ቆሞ ኦሪት ሲሰማ ታየኝና ደስ አለኝ።

በዚህ ላይ የተማሪው ድርሻ ይመጣል። አንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው በዚያ ሳምንት የወደቀለትን ክፍል በሕዝብ ፊት ያነብባል፤ ብዙ ጊዜም ስለ ክፍሉ የራሱን ንግግር ያደርጋል። ከፍ ባለው ትምህርት ቤት ደግሞ የአይሁድን ትምህርት የሚያጠኑ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በየሳምንቱ በተራ እየጻፉ ለባልንጀሮቻቸው ያነብባሉ። ይህን «ድቫር ቶራ» ይሉታል፤ የኦሪት ነገር ማለት ነው። ልማዱ እንደ ወዳጄ አነጋገር ከባድ አይደለም፤ ከክፍሉ ውስጥ ያሰናከለህን አንድ ቃል ታወጣለህ፥ ለምን እንዳሰናከለህ ትጠይቃለህ፥ የቀደሙት ሊቃውንት ምን እንዳሉ ትመለከታለህ፥ በመጨረሻም በገዛ ሕይወትህ የት ቦታ እንደ ነካህ ትናገራለህ። ይህ የመጨረሻው ነው ጭንቁ። የዘለልኸው ነገር እንዳለ ባልንጀሮችህ ያውቁብሃልና።

እኛስ? የኛ ቤተ ክርስቲያን ግጻዌ አላት፤ ለየዕለቱና ለየሰንበቱ ንባብ የተሠራ ነው፤ የዐቢይ ጾም ሰንበታት ዘወረደ፥ ቅድስት፥ ምኵራብ፥ መፃጉዕ እየተባሉ በንባባቸውና በመዝሙራቸው መሠረት መጠራታቸውን የማያውቅ የለም። ትርጓሜውም አለን። «አንድም» እያለ አንዱን ቃል በብዙ መንገድ የሚፈታው መምህር ከራሺ ወንበር ቢቀመጥ የሚያፍር አይመስለኝም። ነገር ግን በትርጓሜ ጉባኤ ተማሪው ይሰማል፥ ይቀጽላል፥ ከመምህሩ የተቀበለውን ቃል ሳያጓድል ይይዛል እንጂ «አንተን የት ነካህ?» ተብሎ አይጠየቅም። ተማሪው ከራሱ ልብ እንዲያወጣ የሚታዘዝበት ቦታ ቅኔ ቤት ነው፤ እዚያ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። ወዳጄ ይህን ስነግረው «እንግዲያው ድቫር ቶራ ማለት ዜማ የሌለው ቅኔ ነው» ብሎ ሳቀ።

ለወዳጄ ወገኖችም ቢሆን ይህ የሳምንት ሥርዓት ከውጭ የመጣ ነው። ቤተ እስራኤል ኦሪታቸው በግዕዝ የተጻፈ፥ ከዘፍጥረት እስከ ሩት ያለው ስምንቱ መጽሐፍ ነው፤ ቄሶቻቸው በሰንበትና በበዓል ያነብቡታል፤ ስለ ሰንበት ክብርም «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል የራሳቸው መጽሐፍ አላቸው። ታልሙድን ግን አያውቁም ነበር። ዣክ ፋይትሎቪች የተባለው የአይሁድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በተመለሰ ጊዜ ታምራት አማኑኤልንና ጌጤ ኤርምያስን ይዞ ሄደ። ታምራት በፓሪስና በፊሬንዜ ተምረው ተመለሱና በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ በአሥመራ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትና በተከታዩ 27 ልጆች በእስራኤል አገር ወደ ክፋር ባትያ ተልከው ተማሩ። እነዚህ ልጆች ኦሪትን ያውቃሉ፤ ራሺን ግን የተዋወቁት እዚያ ነው። ወዳጄ እንደሚለው፥ የአያቱን መጽሐፍ ከማያውቀው ሰው አፍ እንደ አዲስ መማር ለአንድ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

የርሱን ታሪክ በአጭሩ ልንገራችሁ። እስራኤል በገባ በጥቂት ዓመት፥ በሰኔ ወር ገደማ፥ «ቤሃዓሎትኻ» የሚባለው ክፍል ደረሰ። ይህ በኦሪት ዘኍልቍ ከምዕራፍ 8 እስከ 12 ያለው ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ማርያምና አሮን ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት በማግባቱ ያሙታል። በዕብራይስጡ ሴቲቱ ኩሻዊት ናት፤ በግሪኩና በግዕዙ ኢትዮጵያዊት ትባላለች። ቃሉ ሲነበብ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ዘወር ብለው እርሱን አዩት። አስተማሪው ነገሩን ለማለስለስ የራሺን ትርጓሜ አነሣ። ራሺ በፈረንሳይ አገር በትሯ ከተማ የኖረ፥ እ.ኤ.አ. በ1105 የሞተ ታላቅ ተርጓሚ ነው። እርሱ «ኩሻዊት ማለት ውብ ማለት ነው» ይላል፤ የፊደሎቹ ቊጥር ሲደመር «መልከ መልካም» ከሚለው ቃል ጋራ እኩል 736 ይሆናልና። ልጆቹ አጨበጨቡ። ወዳጄ ግን ያን ቀን አለቀሰ። «ውብ ናት ለማለት መጀመሪያ ኢትዮጵያዊትነቷን መሰረዝ አስፈለጋቸው» ይላል።

ኋላ ግን መጻሕፍቱን ራሱ ገልጦ ሲመረምር ሊቃውንቱ ራሳቸው እንዳልተስማሙ አገኘ። የስፔኑ አብርሃም ኢብን ዕዝራ ሴቲቱ ሲፓራ ናት፤ የምድያም ሰዎች በፀሐይ ስለ ጠቆሩ እንዲህ ተባለች ይላል። የራሺ የገዛ የልጅ ልጅ ራሽባም ደግሞ አያቱን አልተከተለም፤ ሙሴ በኩሽ አገር ነግሦ ከዚያ ያገባት እውነተኛ የኩሽ ሴት ናት ብሎ ጻፈ። ከነርሱ በፊት ዮሴፍ ወልደ ኮሪዮን የምንለው ሳይሆን ጥንታዊው ፍላቭዮስ ዮሴፍ፥ ሙሴ የግብፅ ጦር አለቃ ሆኖ ኢትዮጵያን በወጋ ጊዜ ታርቢስ የተባለችውን የንጉሥ ልጅ እንዳገባ ተርኳል። ወዳጄ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያ ሳምንት ሲመጣ ለተማሪዎቹ ራሱ ይናገራል። «አንድ ጊዜ ተቈጥቼ ተናገርሁ፥ አንድ ጊዜ ቀልጄ ተናገርሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ስለ ማርያም ብቻ ተናገርሁ» አለኝ። ክፍሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ተናጋሪው ነው።

ወዳጄ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አዘዘኝ፤ እኔም በተራዬ አንድ ድቫር ቶራ ጽፌ እንድልክለት። ክፍሉን ልመርጥ ብል እንደማይፈቅድልኝ አውቄ «በየትኛው ሳምንት?» አልሁት። መጋቢት ነበረና «ቫያቅሄል» አለኝ። በኦሪት ዘፀአት ከምዕራፍ 35 ጀምሮ ያለው ነው።

ገለጥሁት። መጀመሪያ ስለ ሰንበት ይናገራል፤ በሰንበት ቀን በቤት እሳት እንዳይነድድ ያዝዛል። ከዚያ ወዲያው ስለ ድንኳኑ ሥራ ይቀጥላል። ሁለቱ አንድ ላይ በመቀመጣቸው የአይሁድ ሊቃውንት በሰንበት የተከለከሉትን 39 የሥራ ዓይነቶች ከድንኳኑ ሥራ አውጥተው ቈጠሩ። ቤተ እስራኤል የእሳቱን ነገር እንደ ቃሉ ይይዙት ነበር፤ ዓርብ ሳይመሽ እሳቱን አጥፍተው የሰንበትን ምግብ በቀዝቃዛው ይበላሉ። ይህን ሁሉ በደስታ አነበብሁ። ወደ ሠሪዎቹ ስደርስ ግን ቆምሁ።

ድንኳኑን እንዲሠሩ የተጠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከይሁዳ ነገድ ባስልኤል፥ ከዳን ነገድ ኤልያብ። የወርቅ፥ የብርና የናስ ሥራ፥ የድንጋይ ቀረጻ፥ የእንጨት ጠረባ፥ የሽመናም ጥበብ ተሰጣቸው። መጽሐፉ ልበ ጥበበኞች ይላቸዋል። የሚፈትሉትን ሴቶችም እንዲሁ። በኛ በሸዋ ደግሞ ብረት ቀጥቃጩን ምን እንለው ነበር? ጠቢብ። ያው ቃል ነው። ነገር ግን በሰላ ድንጋይ እናት ለልጇ «ጠቢብ መጣ» ስትል የእግዚአብሔርን መንፈስ ስለ ተመላ ሰው መናገሯ አልነበረም፤ ምግብህን ሸፍን ማለቷ ነበር። ጠቢብ፥ ባለ እጅ፥ ቡዳ፤ ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ይጠሩ ነበር። ክራፕፍም በአንኮበር አቅራቢያ ጠቢባን ስለሚባሉ የእጅ ሥራ ሰዎች ጽፏል፤ ሰዉ እንደሚፈራቸውና በይሁዲነት እንደሚጠረጥራቸው ያወሳል። ዛሬ በአዲስ አበባ በቀጨኔ ከሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች፥ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች ብዙዎቹ የመጡበትን አገር ሲጠየቁ ሰሜን ሸዋን ይጠራሉ፤ «ቤተ አብርሃም» የሚባሉትም ዘራችን ከቤተ እስራኤል ነው ይላሉ። የዘሩን ነገር ለታሪክ ሊቃውንት እተዋለሁ፤ እኔን የያዘኝ ቃሉ ነው። ከኦሪት የከበረ ስም ወስደን ስድብ ያደረግነው እኛ ኦሪት አክባሪዎቹ ነን።

ወዳጄ እንዳስተማረኝ ራሺን አየሁ። ራሺ በዚህ ቦታ ላይ ስለ ኤልያብ የሚለው አለ፤ ዳን ከነገዶች ሁሉ ዝቅ ካሉት፥ ከገረዶች ልጆች የሚቈጠር ነው፤ ነገር ግን እግዚአብሔር ለድንኳኑ ሥራ ከታላቁ ነገድ ከይሁዳ ልጅ ከባስልኤል ጋራ አስተካከለው። አንባቢ ልብ ይበል። የኢትዮጵያ ነገሥታት ራሳቸውን የይሁዳ አንበሳ ይሉ ነበር። ሊቀ ካህናት ራቢ ዖባድያ ዮሴፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 የቤተ እስራኤልን አይሁድነት ሲያጸድቁ፥ በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የግብፁን ሊቅ የራድባዝን ቃል ተከትለው ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈረዱ። ይሁዳና ዳን በአንድ ድንኳን ሥር በአንድ መዶሻ ይሠሩ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ልጨርስ አሰብሁ፤ ጥሩ መደምደሚያ መሰለኝ። ነገር ግን «የት ነካህ?» የሚለው ጥያቄ ቀረብኝ፤ እርሱን መዝለል አልቻልሁም።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አብረውኝ ፊደል ከሚቈጥሩት ልጆች መካከል የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረ። ድምፁ የሚጥም፥ ከፊደል ወደ ዳዊት ለመድረስ ከሁላችን የቀደመ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ልጅ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ታላላቆቹ «ማን አየው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉ ዝም አለ። እኔ ግን ማንም ሳይጠቅሰኝ «ቆሎውን ሲበላ እርሱ አይቶታል» ብዬ በጣቴ አሳየሁ። ሐሰት አልነበረም፤ አይቶታል። ሁላችንም ግን አይተነዋል። የታመመው ልጅ በማግሥቱ ዳነ፤ ለካ የባቄላ እሸት አብዝቶ በልቶ ኖሯል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣም። እኔን ማንም አልተቈጣኝም፤ እንዲያውም ዓይነ ስል ተባልሁ።

የማርያም ጥፋት ነገር መናገር ብቻ ነበር። አይሁድ ታሪኳን የሐሜት ትምህርት አድርገው ይይዙታል። ለምጽ ወጣባት፤ ሙሴ ለመነላት፤ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች። የገረመኝ፥ እርሷ እስክትመለስ ሕዝቡ ሁሉ ጉዞውን አቋርጦ መጠበቁ ነው። በኛ ዘንድ ከሰፈር የወጣው ተናጋሪው አልነበረም፤ የተነገረበት ነበር እንጂ። የጠበቀውም የለም፤ በማግሥቱ ትምህርታችንን ቀጠልን። ወደ ኋላ የሄድሁት ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ክፍሎች ከሦስት ወር ያህል በኋላ የሚከታተሉ ቢሆኑም በእኔ ላይ በአንድ ሳምንት ወደቁ። ሰው ስለ ኢትዮጵያዊቱ ሲያማ እኛ እንቈጣለን፤ ስለ ጠቢቡ ግን ጣታችንን የቀሰርነው እኛው ነን። ይህን ጻፍሁና ላክሁለት።

ወዳጄ ሲመልስልኝ አመሰገነኝ አልልም። «ልጁ ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ብቻ ጻፈ።

ስሙን አላስታወስሁትም። ስለዚህ በፋሲካ ወደ ሰላ ድንጋይ ስሄድ እናቴን ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና ነገረችኝ፤ እዚህ አልጽፈውም፥ ለወዳጄ ግን ጽፌለታለሁ። እናቱ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እርሱ ገና በጒርምስናው ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ቀረ፤ ቀጨኔ ነው የሚሉ አሉ። እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና በግድግዳው ጥግ በሣር መቀመጫው ላይ የተጎለተውን ጥቁር ጋን አሳየችኝ። «ይህ የርሷ እጅ ነው» አለች። «አንተ ሳትወለድ የገዛሁት ነው፤ እስከ ዛሬ አላፈሰሰም።»

ጐንበስ ብዬ ጐኑን በመዳፌ ዳሰስሁት፤ ከአፉ ሥር የሠሪዋ ጣት ያለፈበት መስመር ይታያል። ሌላ የምናገረው አጥቼ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት።

«ተው እንጂ፥» አለችኝ እናቴ፥ «ጥንስስ አለበት።»